አትምረጡኝ ያለው እጩ

ባለፈው ሳምንት ከጳውሎስ ሆስፒታል መድኃኒቴን ገዝቼ ስመለስ፣ ሰፈራችን መታጠፊያ ላይ አንድ ጎልማሳ ከባልዲ የዱቄት ሙጫ እየዛቀ ግንቡ ላይ የእጩዎች ፎቶ ይለጥፋል። ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ቆም አልኩ። ለካ ዛሬም በዱቄት ነው የሚለጠፈው! በዚህ በኮምፒውተር ዘመን ሌላ ነገር የተገኘ መስሎኝ ነበር። ያ ኮምጠጥ ያለ፣ ያደረ ገንፎ የሚመስል ሽታ ራሱ ነው። ሰውዬው "እማማ፣ ይለፉ፣ ልብስዎን እንዳይነካው" አለኝ። እማማ! ገና ስልሳ እንኳን... እሺ፣ ስልሳን አልፌያለሁ፣ ቢሆንም። "አንተ ለጥፍ፣ እኔ እያየሁ ነው" አልኩት። የማየው ግን የእሱን ፎቶዎች አልነበረም። የታየኝ የአባቴ ፊት ነው፣ ከጎኑ ዝሆን ተስሎ።

አዎ፣ ዝሆን። አባቴ አቶ ክፍሌ፣ ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ክፍሌ የሚለው ልብስ ሰፊ፣ ለብሔራዊ ሸንጎ እጩ ነበር። በደርግ ጊዜ ነው፣ ወደ መገባደጃው፤ አዲስ ሕገ መንግሥት ወጣ፣ ፓርላማውም ሸንጎ ይባላል፣ ሕዝቡም ተወካዩን ይምረጥ የተባለ ጊዜ። ዓመቱን አትጠይቁኝ፣ ዓመት አልይዝም። እኔ የምይዘው ሌላ ነው። ዳቦ በአሥራ አምስት ሳንቲም እንደነበር እይዛለሁ። ስኳርና ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን እንደምንወስድ፣ ሳሙናው ለልብስም ለገላም ያው አንዱ እንደነበር እይዛለሁ። ፒያሳ የምንወርድበት ታክሲ ውይይት ይባል ነበር፣ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተፋጥጦ ስለሚቀመጥ። ዛሬ ሚኒባስ ውስጥ ሁሉም የፊተኛውን ማጅራት እያየ ስልኩን ይነካካል፤ ያኔ ግን ከጉለሌ ፒያሳ እስክትደርስ የአንዷን ልጅ የሠርግ ወሬ ጨርሰህ ትወርዳለህ። በእርግጥ የሠርግ ወሬ ብቻ። ሌላ ሌላውን ማንም አያነሣም።

የአባዬ ሱቅ ወደ ቁስቋም በሚያወጣው መንገድ ላይ ነበር፣ ከአንድ ካሴት ቤት አጠገብ። ካሴት ቤቱ ከጠዋት እስከ ማታ ስለ ፍቅር ያንጎራጉራል፣ ማዶ ያለው የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ደግሞ ስለ ድል ይዘምራል፤ አባዬ በሁለቱ መሃል ተቀምጦ የስፌት መኪናውን ይረግጣል። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ስላልያዝኩ ቁልፍ እተክልለታለሁ፣ የሱሪ ጫፍ እቀመቅምለታለሁ። ያኔ ሴቶቹ ፕሊሴ ጉርድና ሽፎን ሻሽ ነበር የሚወዱት፤ አቤት ያ ፕሊሴ፣ እያንዳንዷን እጥፋት በካውያ ስተኩስ እጄ ይደርቅ ነበር! ጓዶቹ ደግሞ ባለ አራት ኪስ ሰማያዊ ኮት። አባዬ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ትከሻና ወገብ በእጁ ያውቃል። ደግሞ የእድራችን ዳኛ ነው። ለቅሶ ሲሆን ድንኳኑን የሚያስተክል፣ ሐዘንተኛውን የሚያጽናና፣ የተጣላ የሚያስታርቅ እሱ ነው። በሰፈሩ ውስጥ እሱ ያላስታረቀው ባልና ሚስት ቢኖር ገና ያልተጣላ ነው።

አንድ ቀን ቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። ለአንድ ወንበር ሦስት እጩ ይቅረብ ተባለ። የመጀመሪያው ጓድ ንጉሤ ነው፣ ከቀበሌው በላይ ያለው የከፍተኛው ትልቅ ካድሬ። ጓድ ሆኖ ስሙ ንጉሤ መሆኑ ያስቅ ነበር፣ ግን ማንም ለመሳቅ አልደፈረም። እሱ እንደሚያልፍ የሰፈሩ ድመት እንኳን ያውቃል። ሁለተኛዋ ሩቅ ካለ ትምህርት ቤት የመጡ አንዲት መምህርት ናቸው፣ ከዚያ በፊት አይተናቸው አናውቅም። ሦስተኛው "ከሰፊው ሕዝብ" ይሁን ተባለና የቀበሌው ሊቀመንበር ዓይን ኋላ ወንበር ላይ ሲያንጎላጅ በነበረው በአባዬ ላይ አረፈ። "ጋሽ ክፍሌስ?" አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ማጨብጨብ ያው ልማድ ነው፣ ለሁሉም ይጨበጨባል። የዚህኛው ግን ረዘመ። አንዲት ባልቴት እልል አሉ። ጓድ ንጉሤ ፈገግ እንዳለ ዞር ብሎ ጨብጫቢዎቹን ሲያይ እኔ አይቼዋለሁ።

ማንበብ ለማይችል ሰው ተብሎ ለእያንዳንዱ እጩ የእንስሳ ምልክት ተሰጠ። ለጓድ ንጉሤ ጎሽ፣ ለመምህርቷ ቀጭኔ፣ ለአባዬ ዝሆን። ሳምንት ሳይሞላ ሰፈሩ ውስጥ ወሬው ሁሉ ዝሆን ሆነ። ድምፁ በመጋረጃ ጀርባ ስለሆነ ማን ያየናል ብለው ነው። ሰው ሱቃችን በር ላይ ሲያልፍ እጁን እንደ ኩምቢ አጣሞ ሰላም ይላል። አባዬ መጀመሪያ ይስቅ ነበር፣ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ደስም ብሎታል።

ጓድ ንጉሤ ግን ኮቱን ይዞ መጣ። "ጋሽ ክፍሌ፣ እጅጌው ረዘመብኝ" አለ። አባዬ ሜትሩን ይዞ ይለካዋል፣ እኔ ጥግ ላይ ቁልፍ እተክላለሁ።

"ሰፈሩ በጣም ይወድዎታል አሉ።"

"እግዜር ይስጣቸው፣ ጓድ።"

"ዳዊት ደረሰ አይደል? ትናንት ኳስ ሜዳ አየሁት። ወጠምሻ ሆኗል!"

ዳዊት ታናሽ ወንድሜ ነው፣ አንድ ለእናቱ ወንድ። አባዬ "ገና ተማሪ ነው" አለ።

"ይማር እንጂ! ለብሔራዊ ውትድርና ማን እንደሚላክ የሚወስነው ቀበሌ ነው፣ እኔ ደግሞ ለቀበሌው ምክር አላጣም። ምርጫው እንዳሰብነው ካለፈ ልጅዎን ማንም አይነካውም። ካላለፈ ግን... ያው አገር ነው፣ እናት አገር ስትጣራ እኔ ምን አደርጋለሁ?"

ድምፁን ከፍ አላደረገም። ኮቱን ትቶ፣ እኔንም "በርቺ" ብሎ ወጣ። አባዬ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ቁጭ አለ። በዚያ ዓመት ከሰፈራችን ወደ ሰሜን የሄዱ ልጆች ነበሩ። ከአንዳንዶቹ ደብዳቤ ይመጣል፣ ከሌሎቹ እሱም ቀርቷል። "ሰምተሻል?" አለኝ። "ሰምቻለሁ" አልኩት። እጩነቱን ልተው እንዳይል፣ ቀበሌ ያቀረበውን እምቢ ማለት ሌላ ጣጣ ነው። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ አባዬ አንድ ጉዳይ ብቻ ነበረው፤ ምርጫውን መሸነፍ።

ቀላል ይመስላችኋል? እኛም መስሎን ነበር። የእድሩ ስብሰባ ቀን ተነሥቶ ቆመ። "ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ አፈር ስሆንላችሁ፣ አትምረጡኝ። እኔ የማውቀው ሱሪ ነው፣ ሕግ አላውቅም። ለዚህ ወንበር አልበቃም" አለ።

ጋሽ መርጊያ የእድሩ ገንዘብ ያዥ ነበሩ፣ ድምፃቸው ከድምፅ ማጉያው የማይተናነስ፣ የአባዬ የልብ ወዳጅ። ብድግ አሉ። "ሰማችሁ? አልበቃም አለ! እንዲህ ነው እንጂ ሰው! ሹመት የሚገባው ሹመት ለሚሸሽ ነው!" ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ።

"ኧረ የምሬን ነው ጋሽ መርጊያ!"

"የምርህን መሆኑንማ መቼ አጣነው? ለዚህ አይደል የምንመርጥህ!"

ምን ታደርጋቸዋለህ? እኛ ሰፈር "በቃኝ" ማለት "ጨምሩልኝ" ማለት ነው። እንግዳ ሳህኑን በእጁ ከሸፈነ ባለቤቲቱ "በሞቴ" ብላ በጣቶቹ መሃል ታፈስበታለች። የደብር አለቃ እንኳን ሲሾም "አይገባኝም" ብሎ ካልተግደረደረ በጎሪጥ ይታያል። ሰው የሚገባውን ነገር እምቢ ይላል፣ የማይገባው ይለምናል፤ ይኸው ነው ሕጉ። አባዬም በዚሁ ሕግ ስላደገ ሌላ ቋንቋ አልነበረውም። እውነቱን እንዳይናገር ደግሞ ከእድሩ ሰው መካከል ማን ለማን እንደሚያወራ አይታወቅም። ወደ ጓድ ንጉሤ ጆሮ "አስፈራራኝ ብሎ አወራ" የሚል ነገር ከገባ ዳዊት በማግሥቱ ካምፕ ነው።

ስለዚህ ሽማግሌ ላከ። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው፤ ልክ ልጅ እንደሚጠይቅ ሰው ሦስት ሽማግሌ፣ አንዱ የነፍስ አባቱ፣ ጋሽ መርጊያ ቤት። እሳቸው "ቁጭ በሉ" ሲሏቸው "ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም" አሉ እንደ ወጉ። "ጉዳያችሁ ምንድን ነው?" "ክፍሌን እንዳትመርጡት።" ጋሽ መርጊያ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያ ጠላ ቀረበ፣ ስለ አባዬ ደግነት ተወራ፣ አንዱ አንዱን እያነሣ። ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ የነፍስ አባታችን አንገታቸውን ደፍተው "ልጄ ክፍሌ፣ ይቅር በለኝ፣ እኔም አንተን ልመርጥ ቃል ገብቼ መጣሁ" አሉት።

ያን ምሽት እራት ቀርቦ አባዬ አልበላ አለ። እማዬ ዳዊት እስኪወጣ ጠብቃ ተናገረች። እማዬ ነገር አታበዛም፣ ስትናገር ግን ቆርጣ ነው።

"አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ሰፈር 'ስጡኝ' ብሎ የተሰጠው ሰው አይተህ ታውቃለህ?"

"አላየሁም።"

"እና ምን ትጠብቃለህ? ለምናቸው!"

አባዬ ቀና ብሎ አያት። "ሊንቁኝ ነው እኮ፣ አስካለ።"

"ይናቁህ። ስም ሄዶ ይመለሳል። ልጅ ሄዶ አይመለስም።"

በማግሥቱ አባዬ ከአንድ ደንበኛ ቀይ ከረባት ተዋሰ። ከረባት አስሮ አያውቅም፣ እኔ ነኝ ያሰርኩለት። ኮፍያ ደፍቶ መንገድ ወጣ። የሚያልፈውን ሁሉ ያስቆማል። "ዝሆን! ዝሆንን እንዳትረሱ! ይህን ሁሉ ዘመን ያገለገልኳችሁ በከንቱ አይደለም!" ውይይት ውስጥ ገብቶ "ሸንጎ ስገባ መኪና ይሰጡኛል፣ የመረጠኝን አውቀዋለሁ" ይላል። መጀመሪያ ሰው "ጋሽ ክፍሌ ሲቀልድ" ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ ሳቁ ቀነሰ። ግን እንደዚያም ሆኖ ሰው ተስፋ አልቆረጠበትም፤ "ዕድሜ ተጫጭኖት ነው፣ ይተወዋል" የሚሉ ነበሩ። አባዬ ጨነቀው። ምርጫው ሊደርስ ነው።

በዚያው ሳምንት አንድ ጎረቤታችን አረፉ። ሠልስቱ ቀን ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ አባዬ እንደ ዳኛነቱ ሊያጽናና ተነሣ። ያንን ድምፁን ዛሬም እሰማዋለሁ። ስለ ሟች ተናገረ፣ ባለቤትየዋን አጽናና፣ ሰው አለቀሰ። ከዚያ ከረባቱን አስተካከለና "እንግዲህ የሟችን ነፍስ ይማር። ሁላችሁም ከተሰበሰባችሁ ላይቀር... እሑድ ዝሆኑን እንዳትረሱኝ" አለ።

ሐዘንተኛዋ እንኳን ለቅሶዋን ትታ ቀና ብላ አየችው። ጋሽ መርጊያ ቀስ ብለው "ክፍሌ፣ በለቅሶ ላይ?" አሉት። "ምን አለበት? ሰው የሚገኘው እዚህ ነዋ" አለ አባዬ። ለሥልጣን የጓጓ መሰላቸው። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ምክንያቱን እያወቅሁ እንኳን አፈርኩበት፣ እንዴት ሌላው አያፍርበት?

ዳዊት አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ ድንኳኑ አፍ ላይ ቆሞ ነበር። ወንበሩን አስቀምጦ ሄደ። ማታ ቤት ሲመጣ "በለቅሶ ቤት ድምፅ ይለመናል? ጓደኞቼ ፊት ቆሜ! ለሥልጣን ብለህ?" እያለ ጮኸ። አባዬ ከረባቱን እየፈታ "ሸንጎ ቀላል ነገር መሰለህ?" አለው። ለልጁም ጭምር እየተወነ ነው። ዳዊት ያኔ እሳት ነበር፤ እውነቱን ቢያውቅ ወይ ጓድ ንጉሤ በር ላይ ሄዶ ይጮሃል፣ ወይ በእልህ ራሱ ይመዘገባል። አባዬ እኔንና እማዬን በቁስቋም ማርያም አስምሎናል።

የምርጫው ቀን ሰው ገና ሳይነጋ ተሰለፈ፤ ያልመረጠ ሰው ነገ ቀበሌ ጉዳይ ሲኖረው ምን እንደሚጠየቅ ያውቃል። በመጋረጃው ጀርባ እኔም እማዬም ጎሹን መረጥን፣ አባዬ አዞን። ውጤቱ ሲለጠፍ አባዬ መጨረሻ ነው። ማንም ከማያውቃቸው ከመምህርቷም በታች! ጓድ ንጉሤ በሰፊ ልዩነት አለፈ። አባዬ ግድግዳው ስር ቆሞ አነበበና "እግዚአብሔር ይመስገን" አለ። አጠገቡ የነበሩት "ምን ያድርግ፣ ሲያፍር ነው" ተባባሉ።

ጓድ ንጉሤ ሸንጎ ገባ። አንድ ሁለት ጊዜ በቴሌቪዥን እጁን ሲያወጣ አየነው፣ እኛ ያሳጠርንለት እጅጌ ልክ ነበር። ቃሉንም ጠበቀ፣ ሐቁን ልናገር። ዳዊትን ማንም አልነካውም። ከሌላው ቤት ግን ተወሰደ። ልጆቹ ሲሸኙ አባዬ ሱቁን ዘግቶ የሚጭናቸው መኪና ድረስ አብሯቸው ይወርድ ነበር፣ እናቶቹ ፊታቸውን ያዞሩበታል። እድሩም አዲስ ዳኛ መረጠ፣ ጋሽ መርጊያን። "ክፍሌ ይረፍ" ነው ያሉት፣ በጨዋ ደንብ። አባዬ ግን ለቅሶ ሲኖር መቅረት አልሆነለትም፤ እንደ ማንም ሰው ወንበር እየተሸከመ ያገለግል ነበር። ዳዊት ትምህርቱን እንደጨረሰ ናዝሬት ሄደ፣ የጭነት መኪና ሾፌር ሆነ። በዓመት በዓል ይመጣል፣ አባዬን በእጁ ብቻ ሰላም ይላል፣ ለእማዬ ስጦታዋን ሰጥቶ ይሄዳል።

ደርግ ሲወድቅ እኔ "አባዬ፣ አሁን ማን ይይዝሃል? ንገራቸው!" አልኩት። ቁልፍ እየተከለ ነበር፣ ዓይኑ ደክሞ ክሩን እኔ ነኝ የማስገባለት። "ምን ብዬ? የእኔን ልጅ ላተርፍ ነው ብዬ? ያልተመለሱት ልጆች እናቶች እዚያው ተቀምጠው?" አለኝ። "ለዳዊትስ?" ስለው "ከልጅነቱ ጀምሮ ዕዳ ላሸክመው? ሳያውቅ ይኑር፣ ተዪው" አለ። ተናደድኩበት። እንዲህ ያለ ደግነት ምን ያደርጋል ብዬ ተናደድኩ። አሁንም አንዳንዴ እናደዳለሁ።

አባዬ ካረፈ በኋላ፣ የአርባው ዕለት እንግዳው ሲሄድ፣ እማዬ ዳዊትን አስቀምጣ ነገረችው። "ማርያም ይቅር ትበለኝ፣ መሐላዬን አፈረስኩ" ብላ ነው የጀመረችው። ዳዊት አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ፀጉሩ ገባ ገባ ብሏል። ሰምቶ ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፣ "አንቺም ታውቂ ነበር?" አዎ አልኩት። ወጥቶ ግቢው ውስጥ ሲንጎራደድ ቆየ። በማግሥቱ እሑድ የእድሩ ስብሰባ ነበርና "እሄዳለሁ" አለ። እኔም ተከተልኩት።

ጋሽ መርጊያ ያኔም ዳኛ ነበሩ፣ በከዘራ ተደግፈው። ዳዊት እጁን አውጥቶ ቆመ። ሁሉንም ተናገረ፤ ጓድ ንጉሤ ያለውን፣ ሽማግሌዎቹን፣ ከረባቱን፣ ድንኳኑን። "አባቴ ሹመት ፈልጎ አያውቅም። እኔን ሊያተርፍ ነው ራሱን ያዋረደው" አለ። ቤቱ ውስጥ ከሴቶቹ አንዳንዶቹ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አነሡ። ልቤ ዘለለ፤ በቃ፣ ዛሬ የአባዬ ስም ተመለሰ አልኩ።

ጋሽ መርጊያ ከዘራቸውን እየተመረኮዙ መጡና ዳዊትን ግንባሩን ሳሙት። "ይባርክህ ልጄ። ልጅ ማለት እንዲህ ነው! ኖኅ ሰክሮ በወደቀ ጊዜ ሴምና ያፌት ወደ ኋላ እየሄዱ እንዳለበሱት፣ አንተም የአባትህን ነውር ሸፈንክለት። እኛም ክፍሌን ይቅር ብለነዋል" አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ዳዊት "ኧረ እኔ ልሸፍን አይደለም፣ እውነቱን ነው..." ሲል አጠገቡ የነበረው ሰውዬ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ "ገብቶናል፣ ቁጭ በል፣ የተባረክህ" አለው።

ቤት ስንገባ እማዬ በር ላይ ነበረች። "እህ፣ ምን አሉህ?"

"ይቅር ብለነዋል አሉ" አላት ዳዊት። "አባዬን! እነሱ!"

እማዬ ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው፣ እኔንም ሳቅ ያዘኝ፣ ምን ላድርግ። ዳዊት ግን አልሳቀም። እደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ።

"እነሱስ በማያውቁት ነው" አለ። "በእጄ ብቻ ሰላም ስለው ኖሬ፣ አሁን እኔን ማን ይቅር ይለኛል?"

እማዬ ሳቋን ተወች። አጠገቡ ቁጭ ብላ ራሱን ጉልበቷ ላይ አስተኛችው።